የድፍርስ ውሃ ዝንብ

ልብስ ሰፊው ዓሣ ማጥመድ የጀመረው በሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። በዚያ ዕድሜ ሰው አዲስ ነገር ሲጀምር ቤተሰብ መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ይሰለቻል፣ በመጨረሻም ይተወዋል። የእሱም ቤተሰብ እንዲሁ አደረገ። ነገሩን ያመጣበት አንድ ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ነው። ኪሱ የበዛ አሮጌ ሰደርያ እንዲጠግንለት አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለለት። ልብስ ሰፊው ኪሶቹን ሲገለብጥ ከአንደኛው ስፌት ላይ የጥፍር ግማሽ የምታክል ዝንብ አየና ሊያባርራት እጁን ወዘወዘ። ዝንቧ ንቅንቅ አላለችም። መብራቱን አስጠግቶ ሲያያት በትንሽ መንጠቆ ላይ የተጠመጠመ ላባና ክር ናት። ሠላሳ ዓመት ክር ይዞ የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ጥምጥም አይቶ አያውቅም። ክሩ የት ጋ እንደተቋጠረ ለማወቅ አጉሊ መነጽሩን አወጣ። አላገኘውም። እልህ ያዘው።

"ይቺን ማን ሠራት?" አለ መሐንዲሱ ሰደርያውን ሊወስድ ሲመጣ።

"እኔ ነኝ። ዓሣ የምሸነግልባት ናት። ውሃው ላይ ስትጥላት የእውነት ዝንብ ትመስለዋለች።"

"ትል አይሰኩባትም?"

"ትል ለሰነፍ ነው" አለ መሐንዲሱ።

ዘንግ አወራወሩን ሰውዬው ሣር ሜዳ ላይ አስተማረው፤ አንድ አሮጌ ዘንግ ከነማጠንጠኛውም ሰጠው። ዓመት ሳይሞላ መሐንዲሱ ልጁ ወደምትኖርበት ከተማ ጠቅልሎ ሄደ፤ ልብስ ሰፊው ግን እንደተለከፈ ቀረ። እውነቱን ለመናገር አጥማጅነቱ አልሆነለትም። በሦስት ዓመት የያዘው ዓሣ በሁለት እጅ ጣት ተቆጥሮ ያልቃል፤ ዘንጉን ሲወረውር ክሩ ግማሹን ጊዜ ከኋላው ቁጥቋጦ ላይ ተሰክቶ ይቀራል። ዝንብ በመሥራት ግን የሚደርስበት አልነበረም። ከስፌት መኪናው አጠገብ አንዲት ትንሽ ሞርሳ አሰረ። መንጠቆዋን ለሞርሳው ያስነክሳል፣ ክሩን በሰም ያሻል፣ ላባውን ይመርጣል። ላባውን ከዶሮ ሻጯ፣ ሱፉን ከባለቤቱ አሮጌ ሹራብ፣ ፀጉሩን ከጎረቤት ውሻ ነው የሚያገኘው። ውሻው እሱን ከሩቅ ሲያይ ጅራቱን ሸጉጦ እንደሚሸሽ ሰፈሩ ሁሉ እያወራ ይስቅ ነበር።

ዝናብ ሲገባ የስፌት ሥራ ይቀዘቅዛል። ወንዙም ይደፈርሳል፤ ሌሎቹ አጥማጆች ዘንጋቸውን ጠቅልለው ቤታቸው ይከተታሉ። እሱ ደግሞ የሚወጣው ያኔ ነው። መሐንዲሱ አንድ ምክር ትቶለት ሄዷል፤ ውሃው ሲደፈርስ ዓሣው ከመሀሉ ጎርፍ ሸሽቶ ዳር ዳሩን ስለሚይዝ፣ ጠቆርና ወፈር ያለች፣ ሆዷ ላይ ትንሽ ብልጭታ ያላት ዝንብ ሠርቶ ከዳሩ ሥር ቀስ እያሉ መጎተት ነው። ልብስ ሰፊው ምክሩን የወደደው ለዓሣው ብሎ አይደለም። በዝናብ ወንዝ ዳር ማንም የለም። ሳምንቱን ሙሉ "እዚህ ጋ ጠበበኝ፣ እዚህ ጋ ሰፋኝ" ሲሰማ የሚውል ሰው ነው። ቅዳሜ ከማንም ጋር ቃል ሳይለዋወጥ መዋል ከዓሣም በላይ ይጣፍጠው ነበር። ያችን ቀን ለማንም አያካፍልም። ጥፋቱም የጀመረው ከዚሁ ነው።

ባለቤቱ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ናት፤ ቆፍጣና፣ ንግግሯ አጭር፣ እጇ ሙቅ ውሃ የለመደ። አንድ ታናሽ ወንድም አላት፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ የስድስት ዓመት፣ እሷ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች ነበሩ። አጥባም፣ አብልታም፣ ገርፋም ያሳደገችው እሷ ናት። አርባ ዓመት ሞልቶት እንኳ እትዬ ብሎ ነው የሚጠራት። ረጅም፣ ጨዋ፣ ከአዋቂ ይልቅ ከሕፃናት ጋር ወሬ የሚቀናው ሰው ነበር። ሁለተኛዋ ልጁ የተወለደች ጊዜ ልብስ ሰፊው ግራጫ የሱፍ ኮት ሰፍቶለታል። ሹፌር መስኮት ከፍቶ ስለሚውል እንዳይበርደው ብሎ ጨርቁን ከወፍራሙ መረጠለት፤ ገበሩንም ደረበለት። ግራ ትከሻው ከቀኙ ዝቅ ስለሚል በግራ በኩል ድርብ ጥጥ አስገባበት። ዕቃ መጣል ልማዱ ስለሆነም በውስጥ ኪሱ ላይ ቁልፍ ተከለለት። ሰውዬው ያንን ኮት ለብሶ ሲቆም ትከሻው እኩል ሆነ፤ እህቱ ዞር ብላ ዓይኗን ስትጠርግ ልብስ ሰፊው አይቷታል።

አንድ ዓርብ፣ ዝናቡ ከማለዳው ጀምሮ ሳያባራ በዋለበት ቀን፣ ሹፌሩ ያንኑ ኮት ለብሶ ወደ ልብስ ስፌቱ ቤት ገባ። ሰዓቱ ዘጠኝ አካባቢ ነው። በዚያ ሰዓት አውቶቡሱ ላይ ሆኖ ተማሪዎቹን ወደየቤታቸው ማድረስ ነበረበት፤ ይህ ግን ለልብስ ሰፊው ትዝ ያለው ዘግይቶ ነው። እሱ ጠቆር ያለችውን ዝንብ እየሠራ ነበር፤ ላባው ተጠምጥሞ ክሩ ገና ያልተቋጠረበት፣ ጣት ከለቀቀው ሁሉም የሚፈታበት ቦታ ላይ ደርሷል።

"ጋሼ፣ ሥራ በዝቶብሃል?"

"ትንሽ። ተቀመጥ።"

ሹፌሩ የደንበኞቹ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ከኮቱ ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል። "ነገ ወንዝ ትወርዳለህ?" አለ።

"ዝናቡን አታየውም? ውሃው ጭቃ ሆኗል። በዚህ ሳምንት የሚሞክረው የለም።"

ይህን ሲል በእጁ የያዘው የድፍርስ ውሃ ዝንብ ነው።

"አብሬህ ብወጣ ብዬ ነበር። ዓሣውን ተወው፣ ዝም ብዬ ከዳር እቀመጥ ነበር።"

"ሌላ ጊዜ፤ ውሃው ሲጠራ።"

ዝንቧ አለቀች። ልብስ ሰፊው ሌላ መንጠቆ ለማስነከስ ሲያዘጋጅ አንዲት ቀጭን ክርና መርፌ ለሹፌሩ አቀበለው። "እስቲ እስከዚያ ይቺን አስገባልኝ" አለው። ሹፌሩ መርፌዋን ወደ ፊቱ አስጠጋት፣ አራቃት፣ እንደገና አስጠጋት። ክሩን ሦስቴ ከመርፌዋ ጎን ሰደደው።

"ምን ሆነሃል፣ አረጀህ እንዴ?" አለና ልብስ ሰፊው ስቆ ተቀበለው።

ሹፌሩም ፈገግ አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ጋሼ፣ አንድ ነገር ላወራህ ነበር የመጣሁት" አለ።

"አውራኛ፣ እየሰማሁህ ነው።"

አንገቱን ግን አላቀናም። ሁለተኛውን ጥምጥም ጀምሮ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሹፌሩ መቶ እስኪቆጠር ያህል ጊዜ ጠበቀ።

"ተወው፣ ሌላ ቀን ይሻላል" አለና ተነሣ።

"ለእትዬህ ሰላም ልበልልህ?"

"በልልኝ።"

ልብስ ሰፊው ቀና ሲል ያየው ከአግዳሚው እስከ በሩ የተሠመረውን እርጥብ የጫማ ዱካ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ወንዝ ወረደ። ቀኑን ሙሉ ዘነበ፤ አንድም ዓሣ ሳይነካለት፣ ግን ደስ ብሎት፣ ሲመሽ ተመለሰ።

ሹፌሩ በዚያ ቅዳሜ ማለዳ ተጨማሪ ሥራ አለብኝ ብሎ ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ሰኞ ሚስቱ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄደች። ጸሐፊዋ በመገረም ነው ያየቻት።

"ባለቤትሽ እኮ እዚህ መሥራት ካቆመ ሦስት ወሩ ነው" አለቻት። "በዓመታዊው ምርመራ ዓይኑ አላልፍ ብሎት ነው ያሰናበቱት። አልነገረሽም?"

አልነገራትም። ሦስት ወር ሙሉ በየማለዳው የሥራ ልብሱን ለብሶ፣ ምሳውን ይዞ፣ ልጆቹን ስሞ ይወጣ ነበር። ታዲያ የት ነበር የሚውለው? ወሬ መልስ ለመስጠት አይቸገርም። ሌላ ሴት አለችው ተባለ። አንዱ ሩቅ ከተማ በዓይኔ አየሁት አለ፤ ሌላው ሴትዮዋን ጭምር አውቃታለሁ ብሎ ማለ። ፖሊስም ጉዳዩን መዝግቦ፣ አዋቂ ሰው በፈቃዱ ቤቱን ጥሎ ቢሄድ ምን እናድርግ አለ። ሚስቱ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥሎ አመረረች። በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ሱሪዎቹን በፌስታል ይዛ ልብስ ሰፊው ዘንድ መጣች።

"ጋሼ፣ እነዚህን ቆርጠህ ለልጆቹ ጉርድ ቀሚስ አድርግልኝ። ጨርቁ ጥሩ ነው፣ ሜዳ ላይ አይቅር።"

"ትንሽ ብንጠብቅ አይሻልም?" አላት።

"ማንን ነው የምጠብቀው?"

ቆረጠው። ሁለት ጉርድ ቀሚስ ወጣው። እህቱም በበኩሏ የወንድሟ ስም ሲነሣ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ማድቤት ትገባ ነበር። "ያሳደግሁት እኔ ነኝ፣ ያበላሸሁትም እኔው እሆናለሁ" አለች አንድ ቀን፤ ከዚያ በኋላ ስለ እሱ አላነሣችም። ልብስ ሰፊው የዓርቡን ነገር ለማንም አልተናገረም። ሊያወራው የፈለገው ስለ ሴትዮዋ ይሆናል ብሎ ራሱን አሳመነ። ካልሰማሁት አልዋሸሁም አለ በልቡ።

አምስተኛው ሳምንት ላይም ዝናቡ አላቆመም። ልብስ ሰፊው ቅዳሜ ጠዋት ከላይኛው መሻገሪያ፣ መደገፊያ ከሌለው ጠባብ የእንጨት ድልድይ፣ በታች፣ አንድ ትልቅ ዛፍ ወድቆ ሥሩ ውሃ ውስጥ የገባበት ቦታ ቆመ። ጎርፉ ቡናማ ሆኖ ቅጠልና እንጨት ይዞ ይሮጣል፤ ከሥሩ ኋላ ግን ረጋ ያለ ውሃ አለ። ዓሣ የሚደበቅበት ቦታ ይህ ነው። ጠቆር ያለችውን ዝንብ ወርውሮ ከዳሩ ሥር ቀስ እያለ ጎተታት። ሁለት ጊዜ ምንም የለም። በሦስተኛው ክሩ ቀጥ አለ።

እንዲህ ያለ ክብደት ገጥሞት አያውቅም። ዘንጉ እንደ ቀስት ጎበጠ። ይሁን እንጂ የያዘው ነገር አይታገልም፤ ወደ ቀኝም ወደ ግራም አይልም። እየከበደ፣ እየታዘዘ መጣ። ጨርቅ መሆኑን ሲያይ ተስፋ ቆረጠና መንጠቆውን ሊያላቅቅ ጎንበስ አለ። እጁ ጨርቁን ነካ።

ሰው የገዛ እጁን ሥራ በጭቃም ውስጥ ያውቀዋል። ግራ ትከሻውን ዳበሰው። ድርቡ ጥጥ ውሃ ጠጥቶ እንደ ጡት አብጧል። ልብስ ሰፊው ጭቃው ላይ በቂጡ ተቀመጠ።

ቀጥሎ፣ ሌላ የሚያውቀው ነገር ስለሌለ፣ ኮቱን እንደ ልብስ ሰፊ መረመረው። የፊት ቁልፎቹ አንዳቸውም አልተበጠሱም፤ ሁሉም በሥርዓቱ ተፈትተዋል። የቀኙ እጅጌ ወደ ውጭ ተገልብጧል። ውሃ እጅጌ ይገለብጥ ይሆናል፤ አራት ቁልፍ ግን አይፈታም። ሰውዬው ውሃው ውስጥ ሆኖ ከኮቱ ለመውጣት ታግሏል ማለት ነው። መኖር ፈልጓል። ኮቱ ደግሞ ከባድ ነበር፤ ወፍራሙን ሱፍ የመረጠው፣ ገበሩንም የደረበው እሱ ራሱ ነው።

የውስጥ ኪሱ እንደተቆለፈ ነው። ከፈተው። መንጃ ፈቃድ በፕላስቲክ ውስጥ፣ የቤት ቁልፍ፣ እና አንድ የመነጽር ማኅደር። በማኅደሩ ውስጥ ወፍራም መስታወት ያለው አዲስ መነጽር፣ ጭረት እንኳ ሳይነካው ተቀምጧል። ያንን ሰው በመነጽር ያየው አንድም የቤተሰብ ሰው የለም።

አንድ አፍታ ክፉ ሐሳብ መጣበት። መልሶ ቢለቀው ጎርፉ ይወስደዋል፤ ሹፌሩም ከሴትዮዋ ጋር ሩቅ ከተማ ይኖራል፤ ዓርብም ከነጭራሹ አልነበረችም ማለት ይሆናል። ኮቱን በሁለት እጁ ይዞ ውሃው ጫፍ ድረስ ሄደ። እጁ ግን አልለቅም አለው። ዘንጉን እዚያው ጥሎ፣ ኮቱን እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ ሽቅብ ወደ መንገዱ ወጣ።

ባለቤቱ የጠዋት ሥራዋን ጨርሳ ገብታ ነበር። ኮቱን ልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ አስቀመጠና ጠራት። መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ተንበርክካ አንገትጌውን ገለጠች፣ ገበሩን በአውራ ጣቷ አሸት አድርጋ አየችው።

"ብዙ ሳምንት ውሃ ውስጥ ነው የቆየው" አለች። ድምፅዋ የሥራ ቦታ ድምፅ ነበር። "ሻጋታው ስፌቱ ድረስ ገብቷል። የት ነው ያገኘኸው?"

"ከላይኛው መሻገሪያ በታች።"

"እሱ ወንዝ ምን ሊያደርግ ሄደ?"

ልብስ ሰፊው የሳፋውን ጠርዝ ይዞ ተናገረ። ዓርብ እንደመጣ፣ አብሬህ ልውጣ እንዳለው፣ ማንም አይወርድም ብሎ እንደዋሸው፣ አንድ ነገር ላውራህ ሲለው አንገቱን እንዳላቀና፣ ሁሉንም በተራ ተናገረ። እሷ እጇን ከኮቱ ላይ ሳታነሣ ሰማችው።

"ቅዳሜ ጠዋት ስልክ ደውሎልኝ ነበር" አለች በመጨረሻ። "ጋሼ አለ ወይ አለኝ። ወንዝ ወርዷል፣ ሌላ የት ይሄዳል አልሁት። እሺ እትዬ ብሎ ዘጋ።"

"ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?"

"ሊሰናበተኝ ደውሎ አፍሮ የተወው መስሎኝ። እንዲህ ያለውን ምን ብዬ አወራዋለሁ?"

ቧንቧው ይንጠባጠባል። አንዱ ሌላውን ሊያጽናና እጁን አልዘረጋም።

ሹፌሩ ቤት ሲደርሱ በሩን የከፈተችላቸው ትልቋ ልጅ ናት። የለበሰችው ከአባቷ ሱሪ የወጣውን ጉርድ ቀሚስ ነው። ልብስ ሰፊው ያንን ሲያይ መቃኑን ይዞ ቀረ። ነገሩን የተናገረችው ባለቤቱ ናት። የሹፌሩ ሚስት ቆማ ሰማች። መነጽሩን ተቀብላ ዓይኗ ላይ አደረገችና በዚያ በወፍራሙ መስታወት ወደ እነሱ ተመለከተች።

"እኔ ይህንን ሰው አምስት ሳምንት ስረግመው ነው የከረምኩት" አለች። "ልጆቹን አባት የላችሁም አልኳቸው።"

ከዚያ መነጽሩን አወለቀች። ስታለቅስ ድምፅ አልነበራትም፤ ልጆቹ እንዳይሰሙ እጇን ነክሳ ነበር።

ፖሊስ አሁን መጣ። ጎርፉ እስኪጎድል ጠላቂ አናስገባም አሉ። በወንዙ ታችኛው በኩል አሸዋ የሚያወጡ ሰዎች ነበሩና እነሱም ተጠየቁ። የአሸዋ አውጪዎቹ አለቃ ሹፌሩን ያውቀዋል።

"ባለ ግራጫ ኮቱን? ሁልጊዜ ጠዋት ጠዋት ይመጣ ነበር" አለ። "እዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ምሳውን ይበላል። ጨዋ ሰው ነው። ሰላምታው ግን አንዳንዴ ለእኔ ሳይሆን ለአሸዋው ክምር ነበር፤ እንስቅበት ነበር፣ ይቅር ይበለን። የመጨረሻ ቀን ጠጋ ብሎ፣ ባለ ዘንጉ ሰውዬ ዛሬ መጥቷል ወይ አለኝ። ከመሻገሪያው ማዶ ነው አልሁት። ወደዚያው ወጣ።"

ልብስ ሰፊው ጥሎት የሄደውን ዘንግ አንሥቶ፣ ከፖሊሶቹ ጎን ቆሞ ይህን ሰማ። እሱ በዚያ ቅዳሜ የቆመው በእርግጥም ከማዶ ነው። ከሃምሳ እርምጃ ባልራቀ ቦታ፣ ጀርባውን ለመሻገሪያው ሰጥቶ፣ ኮፍያውን ጆሮው ድረስ ስቦ፣ ዝንቡን ሲጎትት ነበር። ሹፌሩ ከመሻገሪያው ወድቆ ጠርቶት ይሆናል። የዝናቡና የውሃው ድምፅ ሌላ ድምፅ አላሰማውም።

በማግስቱ ባለቤቱ ከሥራ ፈቃድ ጠየቀችና ጃንጥላ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

"ዘንግህን ያዝ፣ እንሂድ" አለችው።

"ፖሊስ ውሃው ይጉደል ብሏል እኮ።"

"ኮቱን ያወጣኸው አንተ ነህ። የቀረውንም አውጣው።"

እንደ ፈለገችው አደረገ። ወፋፍራም መንጠቆዎችን ሦስት ሦስት አድርጎ በጠንካራ የጂንስ ክር አሰረ፤ ላባም ሱፍም የሌላቸው ባዶ መንጠቆዎች። ስድስት ቀን ሙሉ በወንዙ ዳር ቁልቁል ወረዱ። እሷ ጃንጥላዋን ይዛ ከላይ ትቆማለች፣ እሱ እስከ ጭኑ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይወረውራል። "እዚያ ጋ ጣል" ትላለች፤ ይጥላል። "አሁን ከግንዱ ሥር" ትላለች፤ ይጥላል። የሚወጣው ቅጠል፣ ፌስታል፣ አንዴም የበሰበሰ ጆንያ ነበር። ጆንያው ሲወጣ ጃንጥላዋ ከእጇ ወደቀ። ከዚህ ሌላ ቃል አይነጋገሩም። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚወደው ጸጥታ ይህ አልነበረም።

በአራተኛው ቀን አንድ ትልቅ ዓሣ በጎኑ ተሰካ። በዕድሜው አይቶት የማያውቀው ዓሣ ነው፤ ክሩን ይዞ ወደ መሀል ሮጠ፣ ዘለለ፣ ሆዱ አብለጨለጨ። ልብስ ሰፊው ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ወደ ባለቤቱ ዞረ።

"ፍታው" አለችው።

አቅፎ መንጠቆውን ከጎኑ ሲያወጣ ደም በጣቶቹ መሀል ፈሰሰ። ዓሣውን ውሃው ውስጥ አስቀመጠው። ጥቂት በጎኑ ተንሳፍፎ ቆየና ሰመጠ፤ ይዳን ይሙት አላወቀም።

ያገኙት ግን እነሱ አይደሉም። ዝናቡ ጋብ ባለ በሦስተኛው ቀን፣ የውሃ ማጣሪያው ጣቢያ ሠራተኞች የብረት ወንፊቱን ሊያጸዱ ሲወርዱ አገኙት። የሆስፒታሉ ሐኪም የመስጠም አደጋ ነው ብሎ ጻፈ። እግሩ ላይ የቀረው አንደኛው ጫማ ብቻ ነበር። እህቱ አስከሬኑ የተጠቀለለበትን አንሶላ ስታይ ከራሷ ማጠቢያ የወጣ መሆኑን በጠርዙ ምልክት አወቀች። ባለፈው ሳምንት ያጠበችው ይሆናል።

ቀበሩት። ሌላ ሴት አለችው ሲሉ የነበሩት ሁሉ መጡ፤ ከማንም በላይ ያለቀሱትም እነሱ ናቸው።

ከቀብሩ በኋላ አንድ ቀን የሹፌሩ ሚስት ወደ ልብስ ስፌቱ ቤት ብቻዋን መጣች። ሹፌሩ በተቀመጠበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ያን ዓርብ ምን ሊነግርህ ነበር የመጣው?"

"አላውቅም። አልጠየቅሁትም።"

"ስለ ዓይኑ ይሆን?"

"ይሆናል።"

"ወይስ ለእሷ ንገርልኝ ሊልህ ይሆን? እኔን ፈርቶ?"

ልብስ ሰፊው አዎ ለማለት አፉን ከፈተ። አዎ ቢላት ይቀልላት ነበር፤ ወይም ይከብዳት ነበር፤ የቱ እንደሆነ እንኳ አያውቅም። አንዴ ዋሽቷል።

"አላውቅም፣ እህቴ" አላት።

ራሷን ነቀነቀች። ሳትሰናበተው ወጣች።

በወሩ ልጆቿን ይዛ እናቷ ወዳሉበት ከተማ ለመሄድ ተነሣች። ልብስ ሰፊውና ባለቤቱ ሻንጣ ይዘው እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው ሸኟቸው። እንደገና ያካፋ ነበር። ልጆቹ አክስታቸው አንገት ላይ ተጠምጥመው አልላቀቅ አሉ፤ ረዳቱ ግቡ ግቡ እያለ ይጣራል። የሹፌሩ ሚስት መጨረሻ ላይ ወደ ልብስ ሰፊው ቀረበች።

"ጋሼ፣ የጠላሁህ እንዳይመስልህ። ግን አንተን ባየሁ ቁጥር ያ ዓርብ ነው የሚመጣብኝ። ልጆቹም አንድ ቀን ይሰማሉ። ከሩቅ ብንሆን ይሻላል።"

"ገብቶኛል" አለ።

"እትዬን አደራ። ዝም ስትል አትመናት።"

ገባች። መስኮቱ በእንፋሎት ስለታፈነ ከትንሿ ልጅ መዳፍ በቀር ከውስጥ የሚታይ አልነበረም። አውቶቡሱ ጭቃ ረጭቶ ወጣ።

ባለቤቱ ጃንጥላዋን ዘርግታ መንገዱን ጀመረች። ልብስ ሰፊው ከጎኗ ሊሆን ፈጠን አለ። ጃንጥላው ለሁለት ይበቃ ነበር፤ እሷ ግን ወደ እሱ አላዘነበለችውም፣ ወደ ራሷም አልሰበሰበችውም። ግማሽ ትከሻው እየረጠበ አብሯት ሄደ።

"እራት ምን እናድርግ?" አለችው መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ። ከቀብሩ ወዲህ የጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር።

"ያለውን እንበላለን" አለ።

"ያለ ነገር የለም። ድንች እንግዛ።"

ወደ አትክልት መሸጫው ታጠፉ።